«ማን አሠራው» ሳይሆን «ማን ሠራው»

አያቴ የደጃች ውቤ ሰፈሩን ቤት ደረጃ የምትወጣው በጎን ነበር። አሥራ አራት የእንጨት ደረጃ ነው፤ ስድስተኛው ይንቀሳቀሳል። ልጆች ሆነን እሱ ላይ ስንዘል «ተዉ! የደጃዝማቹን ደረጃ ልትሰብሩት ነው?» ትለን ነበር። ደጃዝማቹን እሷም በዓይኗ አላየቻቸውም። በ1962 ዓ.ም. ሁለት ክፍል ተከራይታ ስትገባ እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የሰፈሩ ሰው ግን ቤቱን የሚያውቀው በሳቸው ነው፤ «ደጃዝማቹ ያሠሩት ቤት»። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ ኋላ ይገባችኋል።

ሙያዬ ቅየሳ ነው። ሰው ቤት ስገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኔ ግድግዳው ቱንቢ ጠብቆ መቆሙን ያያል፤ እናቴ ይህን ጠባዬን ብልግና ትለዋለች። በ2009 ክረምት የአያቴን ቤት ለመለካት ስነሣ ያዘዘኝም የከፈለኝም ሰው አልነበረም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የከተማችንን ቅርስ ቤቶች ዝርዝር አሳየኝና ገጽ በገጽ ብፈልግ የአያቴ ቤት የለበትም። ተናደድኩ። እልህ ነው እንግዲህ የጀመረው። ሜትር፣ እርሳስና ደብተር ይዤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መመላለስ ያዝኩ። ዕድሜውንና የሠራውን ሰው ለማወቅ ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

አማርኛ በዚህ ነገር ጠንቃቃ ነው። «ሠራ» ሌላ፣ «አሠራ» ሌላ። በአንዲት «አ» ባለገንዘቡና ባለእጁ ይለያያሉ። ስለ ቀደምት ሕንፃዎቻችን የተጻፈውን ብታነቡ ግን የሚነገራችሁ ሁሉ የ«አ»ዋ ባለቤት ነው። የአራዳ ጊዮርጊስን ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ከዐድዋ ድል በኋላ ምኒልክ አሠሩት። ሆቴሉን ጣይቱ አሠሩት። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን ቤት ራስ ብሩ ኖሩበት። እሺ፤ ድንጋዩን የጠረበው ማን ነው? ኖራውን ያቦካውስ?

የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ ስማቸው ይተርፋል። የጊዮርጊስን ንድፍ ያወጣው ካስታኛ የሚባል ጣሊያናዊ እንደሆነ ይታወቃል። የምኒልክ መሐንዲስ ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግም ከነሥራው ተጽፎለታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እነሱ ራሳቸው ለአገራቸው ሰው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፣ የአገራቸው መንገደኛም መጥቶ ስለ እነሱ ይጽፋል። ከህንድና ከአርመን የመጡት ግንበኞችና አናጢዎች ከዚያ ያነሰ ዕድል ነበራቸው፤ እንደ ሙሴ ሚናስ ኸርቤክያን ያሉ ጥቂቶች ግን የብዙ ቤት ሠሪ ተብለው ይጠራሉ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ጣውላ የተንጠለጠለበት፣ ዙሪያውን በረንዳ ያለው፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ አሮጌ ቤት ካያችሁ የእነዚህን ሰዎች ወይም ከእነሱ የተማሩትን እጅ እያያችሁ ነው።

የተማሩት እነማን ናቸው? እዚህ ላይ ነው ወረቀቱ ዝም የሚለው። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ሠራተኛ ሰፈር የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው ለቤተ መንግሥት ከሚሠሩት ባለእጆች ነው። ሰፈር ያህል ሰው ነበሩ ማለት ነው። ስማቸው ግን የለም። ምኒልክ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብን ሰው የሚያስጠነቅቅ ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ዐዋጅ የሚያስፈልገው ደግሞ ስድቡ ሲበዛ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያለ የሚያርቅ ሕዝብ ስማቸውን ድንጋይ ላይ ያስቀርጽላቸዋል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። የአንድን አሮጌ ቤት ታሪክ ለማግኘት ሦስት ቦታ ይኬዳል፤ ወደ ወረቀቱ፣ ወደ ሰዉ፣ ወደ ቤቱ። እኔ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከወረቀቱ ጀመርኩ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ካርታ ይዞ ቤት የሠራ ሰው አልነበረም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በቀድሞ አነጋገር የጦር ሰፈር ማለት ነው። ንጉሡ ጉብታው ላይ ግቢያቸውን ሲተክሉ መኳንንቱም በየፊናቸው አንዳንድ ጉብታ ይዘው ከነአሽከራቸው ሰፈሩ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ያጠኗቸው የመጀመሪያዎቹ ሰፈሮች እንዲህ የተወለዱ ናቸው፤ ደጃች ውቤም አንዱ ነው። ሰፈር ደግሞ ይነሣል። ማገዶ ሲያልቅ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ምንም አልቀረውም ነበር፤ ያስቀረው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ነገ ይነሣል በተባለ ሰፈር ላይ ማን ጥርብ ድንጋይ ይደረድራል? ሰዉ በድንጋይና በኖራ መሥራት የደፈረው የከተማ መሬት በግል መያዝ ሲፈቀድ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይመጣ የነበረው ቆርቆሮ፣ ምስማርና መስታወት በፉርጎ መጣ። ባለፎቅ የእንጨት በረንዳ ቤቶቻችን አብዛኞቹ በእነዚህ ዓመታት ግራና ቀኝ የተሠሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ቤት ተቀምጦ ማወቅ ይቻላል። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ከከተማዋ ምሥረታ እስከ 1933 ያሉትን ሕንፃዎች በሰበሰቡበት መጽሐፍ ላይ ስንት ቀን አፍጥጫለሁ! እኔ የምፈልገው ግን አንድ ቤት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማኅደር ያስፈልጋል።

ማኅደሩን ወደሚይዘው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ ሠራተኛዋም ትሑት ሴት ነበረች። አቧራ የለበሰ ፋይል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። የመጀመሪያው ገጽ የተጻፈው በ1968 ነው።

«ከዚህ በፊት ያለውስ?» አልኳት።

«ከዚህ በፊት ቤቱ የእኛ አልነበረማ» አለችኝ፣ ግልጽ ነገር እንደጠየቅኋት ሁሉ።

እውነቷን ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 47 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። የአያቴ ቤት ቀበሌ ሆነ፤ ኪራዩም ቀነሰላት። በፋይሉ ውስጥ ያገኘሁት የክፍሎቹ ብዛት፣ የተከራዮቹ ስም፣ አንድ የጣሪያ ጥገና ጥያቄ፣ ደግሞ ሌላ የጣሪያ ጥገና ጥያቄ ነው። ለመንግሥት ቤቱ የተወለደው በ1967 ነው።

ከዚያ በፊት ያለው ወረቀት ባለቤቶቹ እጅ ነው የሚሆነው። የደጃዝማቹን የልጅ ልጅ አፈላልጌ አገኘኋቸው፤ አንድ በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ቡና አፈሉልኝ። የእንግዳ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ደጃዝማቹ በካባና በጎራዴ ቆመው ይታያሉ። ስለ ቤቱ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ የቤቱን ጉዳይ ማነው የላከሽ?»

ማንም አልላከኝም ብላቸው አላመኑኝም። ካርታው መኖሩን አልካዱም፤ ግን አላሳዩኝም። ከአርባ ዓመት በላይ «አንድ ቀን ይመለስልን ይሆናል» ብለው ሳጥን ውስጥ ያኖሩትን ወረቀት ለማያውቋት ቀያሽ የሚዘረጉበት ምክንያት የለም። የደጃዝማቹን ስም የማልጠራውም ለዚህ ነው። ተከራዮቹ ጋ ስመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሜትሬን ስዘረጋ ከታች ያሉት እትዬ በር ላይ ቆመው «ልታፈርሱት ነው ወይስ ለባለቤቶቹ ልትመልሱት?» አሉኝ። አያቴ መጥታ «የኔ ልጅ ናት፣ ዝም ብላ ነው የምትለካው» ስትላቸው ይብስ ግራ ገባቸው። ዝም ብሎ ቤት የሚለካ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ስለ ሰዉ አንድ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እያንዳንዱ የሚያውቀው እሱ ከገባበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ መሆኑን ነው። አያቴ ከ1962 ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን ምስማር ታውቃለች፤ የጎረቤቷ ባል በረንዳውን በጣውላ ዘግቶ ክፍል ያደረገበትን ፋሲካ ሳይቀር። ከዚያ በፊት ላለው «ድሮ» ትላለች። የአንዱ «ድሮ» የሌላው ልጅነት ነው፤ ስለዚህ በዕድሜ እየወጡ መጠየቅ ነው፣ እንደ ደረጃው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልስ የለም። «የመጀመሪያ ልጅዎ ሲወለድ ይሄ ግድግዳ ነበር ወይ?» ካላችሁ ግን ወር ድረስ ይነግሯችኋል።

የሰፈር ስምም እንደ ምስክር ይቆጠራል፤ ጆሮ ለሰጠው። ካዛንቺስ ስትሉ የምትጠሩት ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበትን ኢንቺስ የተባለ ተቋም ነው፤ ካዛ ማለት ቤት ነው። ፖፖላሬም ከዚያው ዘመን የቀረ ነው። ለገሃር የፈረንሳይኛው ባቡር ጣቢያ ነው። ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሰዉ ደንግጦ ቤቱን ሰይጣን ቤት አለው፤ ስሙ ከማሳያው ማሽን በላይ ዕድሜ አገኘ። ፒያሳን ተዉት፤ ስሙ የጣሊያን፣ ቦታው የአራዳ ነው። አራዳ ዋናው ገበያ ነበር፤ ጣሊያን ነው ገበያውን አንሥቶ ወደ መርካቶ የወሰደው።

ጣሊያን ካልኩ አይቀር፣ የወረቀት ድርቃችን ግማሽ ምክንያት የሁለት ጊዜ እሳት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ፣ ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 እስኪገባ ባሉት ጥቂት ቀናት ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ዓመት ሳይሞላ የካቲት 12 መጣ፤ ሰው ከነቤቱ ነደደ፣ ጊዮርጊስም ተቃጠለ። በዚያ እሳት ስንት የግንበኛ ውል፣ ስንት ደረሰኝ ሄደ። እሳት እስከ ዛሬም አልለቀቀንም፤ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል ቆሜ አይቻለሁ፣ ጃዝ አምባም አብሮ ነደደ።

ከነጻነት በኋላ ያሉት ትልልቅ ሕንፃዎች እንዲህ አያስቸግሩም። አፍሪካ አዳራሽና ማዘጋጃ ቤቱ የአርቱሮ መዜዲሚ ናቸው፤ የአዳራሹን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት አፈወርቅ ተክሌ ነደፉት፤ ክቡን ንግድ ባንክ አንሪ ሾሜት። ንድፉ አለ፣ ፎቶው አለ። ስለ እነሱ የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኔ ልለፋቸው።

ወረቀቱና ሰዉ ሲያልቁብኝ ወደ ቤቱ ተመለስኩ። እውነተኛው ሥራ የተጀመረው ያኔ ነው።

የአያቴ መኝታ ክፍል ግድግዳ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነው፤ ልክ እንደ ብዙ የጭቃ ቤት። አፈሩ ልብስ ላይ እንዳይረግፍ፣ ትኋንም ስንጥቁ ውስጥ እንዳይራባ ሴቶች በዱቄት ሙጫ ይለጥፉታል፤ ሲያረጅ ሳያነሡ በላዩ ሌላ። አያቴን አስፈቅጄ ከአልጋው ራስጌ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ መላጥ ጀመርኩ። ላይኛው አዲስ ዘመን ነው፣ የደርግ ጊዜ፤ ስለ እህል ርብርብ። ከሥሩ ሌላ አዲስ ዘመን፣ የጃንሆይ ፎቶ ያለበት፤ አያቴ «እሱን እኔ ነኝ የለጠፍኩት፣ በገባሁ በዓመቱ» አለች። ከሥሩ ጢስ የጠጣ፣ አርእስቱ የጠፋ ንብርብር። ከሁሉ ሥር፣ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ፣ የላቲን ፊደል። ቆርጬ ሳይሆን ፎቶ አንሥቼ ጣሊያንኛ ለሚያነብ ሰው አሳየሁት፤ ኮሪዬሬ ዴል ኢምፔሮ ነው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ያሳትመው የነበረው ዕለታዊ ጋዜጣ።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩበት። ጋዜጣ ከታተመበት ቀን በፊት ሊለጠፍ አይችልም። ከታተመ በኋላ ግን አምስት ዓመትም አሥር ዓመትም ተጠቅልሎ ሊቆይ ይችላል፤ ባለሱቅ ስኳር ይጠቀልልበት ነበርና። ስለዚህ ያ ቁራጭ ግድግዳው በጣሊያን ጊዜ መቆሙን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለመኖሩን ነው። ቤት ማጥናት እንዲህ ነው፤ ማስረጃው ሊል የሚፈልገውንና እኔ እንዲል የምፈልገውን መለየት።

እንጨቱ የተሻለ ተናገረ። የፎቁን ወለል የተሸከሙት አግዳሚዎች ጥድ ናቸው፤ ቢላ ስታስነኩት ሽታው ይመጣል፣ ምስጥም አልደፈረውም። የጣሪያው ወጋግራ ግን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በከተማዋ ዙሪያ መተከል የጀመረው በ1880ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ለወጋግራ የሚበቃ ሆኖ ለመቆረጥ ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ጣሪያ ከ1890ዎቹ ቀድሞ ሊሠራ አይችልም። ጥዱ በፊትም ሊመጣ ይችላል። ምናልባት ቤቱ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ መጀመሪያ በጥድ፣ ጣሪያው ሲበላሽ በባሕር ዛፍ። ምናልባትም ብልጥ አናጢ ጠንካራውን ለወለሉ፣ ርካሹን ለጣሪያው አድርጎታል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የምስማሩ ዓይነት ላይም ታችም አንድ ነውና።

ስለ ዓመተ ምሕረት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ስለ ጣይቱ ሆቴል ስታነቡ ብዙ ጊዜ 1898 ይላል። በየትኛው አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ለፈረንጁ 1905 ወይም 1906 ነው። አንዱ «1898» የሚለውን ከአማርኛ ቀድቶ ሳያስተካክል በፈረንጅ ቋንቋ ይጽፈዋል፤ ሌላው ያንን መልሶ «የእኛ 1890» አድርጎ ይተረጉመዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሆቴል ስምንት ዓመት ያረጃል። በደብተሬ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አቆጣጠሩን የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፎቶግራፍም ሞክሬያለሁ። ከቤድሮስ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች የነበሩት አርመናውያኑ ቦያጅያኖች የተዉልን ሥራ አለ፤ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም አሮጌ ፎቶዎች አሉት። ዘዴው ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን መያዝ ነው፤ የጊዮርጊስን ጉልላትና የእንጦጦን ጫፍ መስመር። በእነሱ መካከል ቤታችሁ የት መውደቅ እንዳለበት ታሰላላችሁ። አሰላሁ፤ ቦታውን በትክክል አገኘሁት። ባሕር ዛፍ ሸፍኖታል።

በ2016 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ የእኛም ተራ ደረሰ። ስለ ፈረሳው ብዙ ተብሏል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ የአያቴ ዓይነት ቤትም ሄዷል፤ ሦስቱም እውነት ነው። እኔ የምቆጨው ሳይለካ በፈረሰው ነው። የተለካ ቤት ቢፈርስ ቢያንስ ወረቀት ላይ ይኖራል። ሜትር ደግሞ ውድ አይደለም።

ዕቃ በወጣበት ቀን አንድ ሽማግሌ አናጢ አብረውኝ እንዲመጡ ለመንኳቸው፤ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ገና በልጅነታቸው ከአርመን ጌታ ሥር መሮ የጨበጡ ሰው ናቸው። ቤቱን አልዞሩትም። ደረጃው ሥር ቁጢጥ ብለው ወደ ላይ አዩ፣ ከዚያ በእጃቸው ዳሰሱ። «ምስማር ቆጥቧል» አሉ። ደረጃዎቹ የተያዙት በእንጨት ሽብልቅ ነበር። «አውርዱት» አሉኝ፤ ለሚያፈርሱት ልጆች የሻይ ሰጥቼ አንድ በአንድ አወረድነው።

እያንዳንዱ ደረጃ በሆዱ በኩል በመሮ የተፈለፈለ ምልክት አለው። አቧራውን በጣቴ ስጠርግ፣ ፩። ቀጥሎ፣ ፪። አናጢው ደረጃዎቹን መሬት ላይ ቆርጦ አዘጋጅቶ፣ ሲገጥማቸው እንዳይምታቱበት በግእዝ ቁጥር ቆጥሯቸዋል። ፫፣ ፬፣ ፭። ስድስተኛውን ገለበጥኩት፤ ፯ ይላል። ሰባተኛው ላይ ፮ አለ።

ሽማግሌው ሳቁ። «የሆነ ሰው ሲጠግን አቀያይሮታል» አሉ። «የሠራው ሰው አልተሳሳተም።»

ልጅነቴን ሙሉ የተንቀሳቀሰው ደረጃ ያለቦታው የገባ ነበር። ቁጥሮቹ ስለ ባለእጁ የሚነግሩኝ ብዙ አይደለም። ግእዝ ቁጥር መጻፍ ያውቃል፤ ቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሰ ሰው ነው ብዬ እገምታለሁ። ዘጠኙን ሲጽፍ እጁ ይከብዳል፤ ሁለት ጊዜ ሞክሯታል። በዚያ ቤት ውስጥ ደጃዝማቹ የጻፉት አንድም ፊደል አላገኘሁም። የእሱን አሥራ አራት ቁጥር አግኝቻለሁ።

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ደረጃ በላዳ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። አያቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷት አራተኛ ፎቅ ትኖራለች፤ ደረጃው ሲሚንቶ ነው፣ አሁንም በጎን ነው የምትወጣው። ሁለቱ ጣውላዎች በረንዳዋ ላይ ናቸው፤ አንዱ ላይ የጤና አዳም ተክሏን አኑራበታለች።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር እለምናለሁ። ሳጥናችሁ ውስጥ የአሮጌ ቤት ፎቶ ካለ ከጀርባው የሰፈሩን ስምና ዓመቱን ጻፉበት፤ በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ በፊት ለፊቱ ይወጣል። ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. መለየት እንዳይረሳ። አሁን ቤት እየሠራችሁ፣ ይቅርታ፣ እያሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ፣ የግንበኛውንና የአናጢውን ስም ከነአባታቸው ጠይቁና ከካርታው ጋር አኑሩት።